ድፍድፍ የሚፈላበት ጓዳ ይከፈት
በካቺሲና በአካባቢዋ ለደቦም ሆነ ለድግስ ጠላ ይጠመቃል። ድፍድፉን ብርድ እንዳይነካው በማለት ጋኖቹን በጠባብ ጓዳ ደርድሮ በር መዝጋት ግን አደጋ አለው። ድፍድፍ ሲፈላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይወጣዋል፤ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀውም ይኸው ነው። ቀለም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። በ1978 ዓ.ም. በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ በብዛት የወጣው ይኸው ጋዝ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን ለአባላት ማስረዳት ይገባቸዋል፦ የጓዳው በርና መስኮት ይከፈት፤ በዚያ ማንም፣ ይልቁንም ሕፃን፣ አይተኛ። ኩራዙ ስላልጠፋ ብቻ አየሩ ደህና ነው አይባል። የወደቀ ሰው ቢገኝ አየሩ ሳይለወጥ ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው። ለደስታ የተጠመቀ ጠላ የለቅሶ ምክንያት መሆን የለበትም።