የነጋዴ ደብዳቤ በአንድ ፋይል ታጭቆ እንዳይቀር

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ ቡናና ሰሊጥ የሚልክ ነጋዴ የሥራው እኩሌታ በደብዳቤ የሚፈጸም መሆኑ የታወቀ ነው። ዋጋ የሚጠየቀው፥ ፕሮፎርማ የሚመጣው፥ የሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ቃል እንዲታረም የሚለመነው፥ ትራንዚተሩም የጭነቱን ሰነድ አስቀድሞ የሚያየው ዛሬ በኢሜይል ነው። የዱሮው ጸሐፊ ገቢውንና ወጪውን ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠ ከመዝገብ ያገባ፥ ዓመቱም ሲያልቅ ክላሰሩን ዘግቶ ከመደርደሪያ ላይ ያኖር ነበር። ኢሜይል ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ሥርዐት በብዙ ንግድ ቤት ተረስቷል። የብዙ ዓመት ደብዳቤ፥ ያውም ባለቤቱ ማታ ማታ በሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ፥ በአንድ ፋይል ተከማችቶ ይገኛል። በዚያው ኮምፒውተር ልጆች ይጫወቱበታል።

በአውትሉክ የሚሠራ ሰው ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ ተለያይተው የተቀመጡ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ፖፕ በሚባለው አሠራር የገባው ደብዳቤ ሁሉ ከነአባሪው የሚከማቸው ፒኤስቲ በተባለ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። እስከ አውትሉክ 2002 ድረስ ይህ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም ነበር፤ በአውትሉክ 2003 ልኩ ወደ 20፥ ከአውትሉክ 2010 ጀምሮም ወደ 50 ጊጋባይት ከፍ ብሏል። ልኩ ሰፋ ማለት ግን እስኪሞላ መጠበቅ ይገባል ማለት አይደለም። ፋይሉ እየገዘፈ በሄደ መጠን ፕሮግራሙ ለመከፈት ይዘገያል፥ የሚፈለገውም ደብዳቤ ቶሎ አይገኝም። መብራት በድንገት ሲጠፋ አውትሉክ ክፍት ከነበረ ደግሞ አደጋው የሚደርሰው በዕለቱ ደብዳቤ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው መዝገብ ላይ ነው። ከሁሉ የሚከፋው፥ ፖፕ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ አውርዶ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያመጣ በመሆኑ፥ በሰርቨሩ ላይ ቅጂ እንዲቆይ ካልታዘዘ ወይም የተወሰነለት ቀን ካለፈ፥ በቤት ያለው ቅጂ ብቸኛ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ፋይሉን የሚያገዝፈው ጽሑፉ አይደለም፤ አባሪው ነው። ስካን የተደረገ ኢንቮይስና የናሙና ፎቶግራፍ በኢሜይል ሲላክ ወደ ፊደል ስለሚለወጥ ክብደቱ በሢሶ ያህል ይጨምራል፤ 3 ሜጋባይት የነበረው 4 ይሆናል ማለት ነው። ነጋዴውም ያንኑ ለባንኩ፥ ለትራንዚተሩና ለመድን ድርጅቱ በየተራ ሲያስተላልፍ፥ በተላኩት ደብዳቤዎች ሣጥን ውስጥ ሦስት ተጨማሪ ቅጂ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ማጽዳት ለሚሻ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤዎቹን በክብደታቸው መደርደርና ድግሞሹን ማውጣት ነው።

«ሰርዤ ነበር፥ ፋይሉ ግን አልቀነሰም» የሚል አቤቱታ በየቦታው ይሰማል። የተሰረዘው ደብዳቤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተሰረዙት ሣጥን ነው፤ ያም ሣጥን ባዶ ከተደረገ በኋላ እንኳ የያዘው ቦታ በፋይሉ ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቆያል እንጂ ፋይሉ ወዲያው አይሰበሰብም። በዳታ ፋይሉ ማስተካከያ ውስጥ «ኮምፓክት ናው» የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ነው መጠኑ ፈጥኖ የሚቀንሰው።

ይሁን እንጂ መሰረዝን ዋና መፍትሔ ማድረግ ለነጋዴ አይበጅም። የጥራት ክርክር የሚነሣው ዕቃው ተራግፎ ገንዘቡም ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ የተስማማበትን ቃል የያዘችው አጭር ደብዳቤ ከብዙ ሺሕ ብር ትበልጣለች። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ወዲህ፥ የጠፋ ኢሜይል የጠፋ ሰነድ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። «ዲስክ ርካሽ ነውና ይከማች» የሚሉትም ቢሆኑ ነገሩን አላስተዋሉትም። ዲስኩ ሰፊ ቢሆንም ፋይሉ ያው አንድ ነው፤ ሲበላሽም የሚበላሸው በሙሉ ነው።

የሚሻለው የሒሳብ መዝገብ እንደሚዘጋ ሁሉ ደብዳቤንም በየዓመቱ መዝጋት ነው። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ለሚያልቅበት ቤት፥ በሐምሌ ወር አዲስ የዳታ ፋይል በዓመተ ምሕረቱ ስም ከፍቶ ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ወደዚያ ማዛወር፥ ዋናውን ፋይል በኮምፓክት መሰብሰብ፥ የዓመቱንም ፋይል ከአውትሉክ ዝርዝር ዘግቶ ሁለት ቅጂ ማውጣት ነው። አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ እሳትና ሌባ ኮምፒውተሩንና አጠገቡ ያለውን ዲስክ ለይተው አይወስዱም። ቅጂው የሚወጣው አውትሉክ ተዘግቶ ሳለ ነው። በፋት 32 ሥርዐት የተዘጋጀ ፍላሽ ባዶ ቢሆንም እንኳ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም፤ ብዙ ሰው ፍላሹ ተበላሽቶ ይመስለዋል። በኤክስፋት ሲዘጋጅ ግን ይቀበላል፤ በሚዘጋጅበት ጊዜ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ማውጣት ነው።

ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ጠጋኝ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ተገቢ አይደለም። ጠጋኙ የትኛው ደብዳቤ ውል እንደሆነ፥ የትኛው የበዓል ሰላምታ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ደብዳቤውን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው፤ ባለቤቱም ለዚህ ሁለት ቀን ቢፈቅድለት ለሒሳብ ሠራተኛው ከሚፈቅደው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ጠጋኝ የሚያስፈልገው ፋይሉ አልከፈት ሲል ነው፤ ያን ጊዜም ስካንፒኤስቲ የተባለው የመጠገኛ ፕሮግራም ከመሥራቱ በፊት የተበላሸው ፋይል ራሱ እንዲገለበጥ ማዘዝ ይገባል፥ ጥገናው የሚያነሣውን ሁሉ አይመልስምና።

ለብዙ ዓመት ያልተነካ ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፓክት ሲሰበሰብ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ቅጂው ከወጣ በኋላ፥ ኮምፒውተሩም ከባትሪ ማቆያ ጋር ተያይዞ ቢጀመር ይመረጣል፤ ሥራው እስኪያልቅም ማንም እንዳያጠፋው ለቤተ ሰቡ መንገር ያሻል።