የደቡብ ሱዳን ስምምነት የማጂን ጠረፍ ዘሏል

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የደቡብ ሱዳን የመንገድ ብድር ስምምነት በወቅቱ ብዙ አድናቆት አትርፏል። በስምምነቱ መሠረት ኢትዮጵያ 738 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አበድራ ከጠረፍ ከተማዋ ፓጋክ እስከ ነዳጅ ማውጫው ፓሎች 220 ኪሎ ሜትር መንገድ ታሠራለች፤ ብድሩም በድፍድፍ ነዳጅ ይመለሳል። መንግሥት ከጎረቤት አገር ጋር በመሠረተ ልማት ለመተሳሰር ያሳየውን ፍላጎት ይህ ጋዜጣ ይደግፈዋል። ይሁን እንጂ የሁለቱ አገሮች ወሰን ጋምቤላ ላይ ያበቃ ይመስል፣ ከቱም ማዶ በሱርማ ወረዳ በኩል እስከ ደቡብ ሱዳኑ ቦማ ተራራ የሚዘልቀው የምዕራብ ኦሞ ዞን የማጂ ጠረፍ በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ ጎልቶ ሲነሳ አለመሰማቱ ሊታለፍ የማይገባው ጉዳይ ነው።

ይህ አድልዎ የዛሬ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት የወሰን ውል፣ ከኢታንግ አጠገብ በባሮ ወንዝ ዳር እስከ 400 ሄክታር የሚደርስ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቅዶ ነበር፤ ጋምቤላ ላይ በተከፈተውም ጣቢያ በኩል የምዕራቡ ቡና በመርከብ እየተጫነ ወደ ካርቱም ሲወርድ ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል ቆይቷል። ያው ውል ያጸናው የወሰን መስመር ግን ወደ ደቡብ ሲወርድ የሱሪን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎ፣ ከፊሉን በቦማ ከፊሉን በኢትዮጵያ ወገን አስቀርቶት አለፈ እንጂ ለማጂ የንግድ በር አልሰጠም። ማጂ ያገኘችው የእንግሊዝ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ነበር። እዚያ የተቀመጠው ቆንስል ካፒቴን ዋሊ እ.ኤ.አ. በ1931 ከጌሻ አካባቢ ያሰባሰበው የቡና ዘር ወደ ኬንያ፣ ከዚያም ወደ ታንጋኒካ ተላከ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ በመጨረሻም ፓናማ ውስጥ በቅሎ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያች አገር ውድድር ካሸነፈ ወዲህ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሆኗል። ዘሩ የወጣበት አገር ገበሬ ከዚህ ሁሉ ያገኘው ጥቅም የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕጋዊ በር በሌለበት ጠረፍ ንግድ ይቆማል ማለት አይደለም፤ የሚሸጠውና የሚገዛው ነገር ይለወጣል። በዚህ አካባቢ የዋለው ሸቀጥ የጦር መሣሪያ ነው። የሱዳን ሕዝቦች ነፃነት ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 ቦማን ከያዘ በኋላ፣ በዲማ የስደተኞች መጠለያ ከተከፈተና የእርስ በርሱ ጦርነት ከተስፋፋ ወዲህ አውቶማቲክ ጠመንጃ በከብት ዋጋ እየተተመነ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ከብት አርቢው ሱሪ ከደቡብ በኛንጋቶምና በቶፖሳ ተገፍቶ ወደ ደጋው ሲጠጋ፣ ገበያ እየወጣ ከብት በእህል ይለዋወጠው ከነበረው የዲዚ ገበሬ ጋር በጥይት መነጋገር ጀመረ። የዲዚ እናት ማሽላዋን፣ የሱሪ ጎረምሳ ወይፈኑን ይዘው አንድ ገበያ የሚውሉበት ልማድ ባይጠፋም፣ ከገበያ መልስ በመንገድ ላይ የሚገደለው ሰው ጉዳይ የወረዳው የዘወትር አጀንዳ ሆኖ ቀርቷል። የጠረፍ ንግድ፣ ማለትም በወሰን አካባቢ የሚኖር ሕዝብ የዕለት ፍጆታውን በተወሰነ መጠንና በቀለለ የጉምሩክ ሥርዓት ከማዶው ሕዝብ ጋር እንዲገበያይ የሚፈቅድ አሠራር፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ቦታ ነው፤ ከብቱን በሕጋዊ ዋጋ የሚሸጥበት ቦታ ያገኘ አርቢ ከብቱን በጠመንጃ የሚለውጥበት ምክንያት ይቀንሳልና።

እስከ ዛሬ ለጠረፉ የተሰጠው መልስ በአብዛኛው የጸጥታ መልስ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ወደ ጋምቤላ ዘልቀው ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን አግተው በሄዱ ጊዜ፣ የአገር መከላከያ ሠራዊት ወሰን ተሻግሮ መከታተሉና ከታገቱት ብዙዎቹ መመለሳቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሠራዊት በየወንዙ ማዶ ሊቆም አይችልም። የአዲስ አበባ ዲፕሎማሲም ቢሆን የደቡብ ሱዳንን ተፋላሚዎች መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. እስከ ማፈራረም የደረሰ ሲሆን፣ ያ ሰላም ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ወጥቶ በሱርማ ወረዳ ኪቢሽ ላይ ሲደርስ አልታየም።

ከጁባ መሪዎች ጋር የተፈረሙ ሰነዶች ብዛት ያስገርማል። የካቲት 1 ቀን 2004 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ነዳጅ በኢትዮጵያ አልፎ ጂቡቲ እንዲደርስ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ በዚያው ወር የኬንያው የላሙ ወደብ መተላለፊያ ግንባታ በሦስት አገሮች መሪዎች ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ 100 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ለመሸጥ ስምምነት ተደረገ። የነዳጁ ቧንቧ ወረቀት ላይ ቀርቷል። የአሁኑ ብድር ያረፈበት የላይኛው ናይል ግዛትም ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዋናው የነዳጅ ቧንቧ በሱዳን ጦርነት ሳቢያ ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበት፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በናስር ጦርነት የተቀሰቀሰበትና የወቅቱ የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪክ ማቻር ለእስር የተዳረጉበት ውጥረት እንብርት ነው። ዩሮ ቦንድ በተባለው፣ በውጭ ገበያ በሚሸጥ የመንግሥት የብድር ሰነድ ላይ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሊከፈል ይገባ የነበረውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል ያልቻለች ኢትዮጵያ፣ የአንድ ጎረቤቷን ዕጣ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ስታስይዝ ሁለተኛ መስመር ማሰብ ይጠበቅባት ነበር።

ሁለተኛው መስመር ደግሞ በምናብ የሚፈጠር አይደለም። ከሚዛን ተነሥቶ በዲማ በኩል ወደ ቦማ፣ ከዚያም በካፖኤታ አድርጎ ወደ ጁባ የሚዘልቀው አቅጣጫ የነዳጅ ጉድጓዶቹን ጦርነት ይሸሻል፤ የበበቃንና የቴፒን ቡና፣ የሱርማን ወርቅና ከብት ወደ አንድ ገበያ ያስገባል። ምዕራብ ኦሞ የሚገኝበት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ለነዋሪው የተነገረው ቃልም በዞን ደረጃ ጽሕፈት ቤት ከማብዛት የበለጠ ነገር ይጠብቃል። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚያደርገውን ቀጣይ ድርድር ሲጀምር የምዕራብ ኦሞን ጠረፍ በአጀንዳው እንዲያስገባ፤ የገንዘብ ሚኒስቴርና የጉምሩክ ኮሚሽን በቱም ወይም በኪቢሽ የጠረፍ ንግድ ጽሕፈት ቤት ለመክፈት ጊዜ ወስነው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ፤ የዲዚ፣ የሱሪና የሜኢኒት ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት የጋራ የወሰን ኮሚቴም ከቦማ አስተዳደር ጋር እንዲቋቋም ይህ ጋዜጣ ይጠይቃል። ለውጭ መንገድ 738 ሚሊዮን ዶላር መመደብ የቻለ መንግሥት ከቱም ወደ ኪቢሽ የሚወስደው መንገድ ክረምት በገባ ቁጥር የማይቋረጥበትን በጀት መቼ እንደሚይዝ ቢያስረዳ፣ ለጎረቤቱ ያደረገውን ለራሱ ዜጋም አደረገ ይባላል።