የትናንቱ የት ገባ?

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላል ያገራችን ሰው። በድምፅ ያለውስ? ይህን ጥያቄ ያስነሳብኝ ባለፈው እረፍት ሳንጃ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ የገጠመኝ ነገር ነው።

አያቴ የሬዲዮ ሰው ናቸው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨውን ዶይቸ ቬለ ሳይሰሙ አይተኙም። አንድ ቀን ልቅሶ ቤት አምሽተው ሥርጭቱ አመለጣቸው። “ምን ይደረጋል፣ ሬዲዮ እንደ ወንዝ ነው፤ ያለፈው አይመለስም” አሉ። በማግስቱ ያንኑ ሥርጭት ከስልኬ ከፍቼ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና “አንቺ፣ የትናንቱን ከየት አመጣሽው?” ብለው ተገረሙ። ቀጠሉናም “እንግዲያው ያ አምና ያሰማሽኝ፣ በጣልያን ጊዜ ስለነበሩት የአርማጭሆ አርበኞች የሚያወራው የት ገባ?” አሉኝ።

ፈለግሁት፤ የለም። ስልኬ ውስጥ “ኦዲዮ 0047”፣ “ኦዲዮ 0048” የሚባሉ ስም የለሽ ፋይሎች ተከምረዋል። አንዱን ከፍቼ ስዘጋ፣ ሌላውን ከፍቼ ስዘጋ አያቴ “ተይው ልጄ” ብለው ወጡ። እኔ ግን አፈርኩ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ ባይ!

ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው የመጣልኝ በፖድካስት ሰብስክራይብ አድርጌው ነው፤ ርዕስና ቀን ይዞ። ሁለተኛውን ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው፤ ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ አይታወቅም።

አንደኛ ዓመት ሳለን “ፖድካስት እሰማለሁ” ስል ብዙ ጓደኞቼ ሁለት ሰዎች ማይክ ፊት ተቀምጠው የሚያወሩበት የዩቲዩብ ቪዲዮ ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የተጠቀመበት ቤን ሀመርስሊ የሚባል ጋዜጠኛ ሲሆን፣ “አይፖድ” እና “ብሮድካስት” ከሚሉት የተገጣጠመ ነው። የያኔው አይፖድ ኢንተርኔት አልነበረውም። ሰዉ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያወርዳል፣ ወደ አይፖዱ ይገለብጣል፣ መንገድ ላይ ይሰማል። እንግዲህ ፖድካስት ሲፈጠርም ኔትወርክ በእጁ ለሌለ ሰው ነው የተፈጠረው ማለት ነው። ከእኛ በላይ ለማን ይሆናል?

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቆይ ያየነው ነው። ያኔ ዩቲዩብም ቴሌግራምም ዝም አሉ። የተረፈን ቀድመን ያወረድነውና በዜንደር የተቀባበልነው ብቻ ነበር።

“ቴሌግራም እያለ ምን አደከመሽ?” የሚሉኝ አሉ። ቴሌግራም ፈጣን ነው፣ አልክድም፤ አያቴ የወደዱትን ቃለ ምልልስ ያገኘሁትም እዚያው ነው። ግን ክምር ነው። ዩቲዩብ ደግሞ ዳታ ይበላል፣ የምሰማውንም እሱ ሊመርጥልኝ ይፈልጋል። ፖድካስት ላይ መራጯ እኔ ነኝ። አንዴ ሰብስክራይብ ካደረግሁ አዲስ ዝግጅት በወጣ ቁጥር አፕሊኬሽኑ ራሱ ያመጣልኛል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

አደራረጌ ቀላል ነው። አንቴናፖድ የሚባለውን ነፃ አፕሊኬሽን እጠቀማለሁ። በዋይፋይ ብቻ እንዲያወርድ አዝዤዋለሁ፤ ስለዚህ ሳንጃ ከመሄዴ በፊት ስንቄ ይሞላል። ዜና ከሰማሁት በኋላ ይጠፋል፤ ቃለ ምልልስና ታሪክ ግን ይቀመጣል። የሰብስክራይብ ዝርዝሬንም በየጊዜው አውጥቼ ሌላ ቦታ አኖራለሁ። ጉግል የፖድካስት አፕሊኬሽኑን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዘጋ ዝርዝራቸውን ያወጡ ሰዎች ወደ ሌላ ተሻግረው ማዳመጣቸውን ቀጥለዋል።

አስቸጋሪው ፍለጋው ነው። በአማርኛ ፊደል ፈልጌ ያጣሁትን በላቲን ፊደል ስጽፈው አገኘዋለሁ። “ዓለም” ብዬ ያጣሁትን “አለም” ስል ይመጣል። ይህ የአድማጭ ጥፋት አይደለም፤ ርዕስ የሚሰጠው የጋዜጠኛው ነው። የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሞገድ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ እምብዛም አይርቅም፤ የመዓዛ ብሩን ቃለ ምልልሶች ግን ሞገዱ የማይደርስበት አገር ያለ ሰው ሁሉ ፈልጎ ይሰማል። የሚያገኘው የእንግዳው ስም ስለተጻፈበት ነው። ስም የሌለው ድምፅ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልምጣ። በየሴሚስተሩ ለተግባር ልምምድ የሬዲዮ ዝግጅት እንሠራለን። አንዳንዶቻችን አዛውንት ጠይቀናል፣ ገበሬ ጠይቀናል፣ ገበያ ውለናል። ውጤት ከተሰጠን በኋላ ሥራው የት ይሄዳል? ፍላሽ ውስጥ! ፍላሹ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እነዚያ አዛውንት ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ትምህርት ክፍላችን የተማሪዎችን ሥራ የሚያወጣበት አንድ ፖድካስት ይክፈት። ባለጉዳዮቹ ፈቃደኛ መሆናቸው ይረጋገጥ፤ እያንዳንዱ ዝግጅት ርዕስ፣ ቀን፣ የተናጋሪው ስምና ሁለት መስመር ማብራሪያ ይኑረው። ስቱዲዮ እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በስልክ የምንቀዳው ይበቃል። መምህራን፣ ማብራሪያውንም ከማርኩ ጋር ቁጠሩልን፤ ያኔ ማንም አይዘነጋውም።

እኔ ያን ቃለ ምልልስ አሁንም እየፈለግሁ ነው። የአርማጭሆ አርበኞችን ታሪክ የያዘ ስም የለሽ ፋይል ስልኩ ውስጥ ያለ ካለ እባካችሁ ከፍታችሁ ስሙልኝ። አያቴ እየጠበቁ ነው።

ቸር እንሰንብት!