አንድ በመቶው እነማን ናቸው?

የሞባይል መተግበሪያ በምንሠራ ሰዎች መካከል ክርክር የማይነሣበት አንድ እምነት አለ። አዲስ ቨርዥን ለተጠቃሚው ሁሉ በአንድ ቀን አይለቀቅም፤ መጀመሪያ ለአንድ በመቶው ይሰጣል፤ ቀጥሎ ለሁለት፣ ለአምስት፣ ለአሥር እያለ ያድጋል። የማሳደጉን ሥራ ደግሞ ለሰው አንተወውም፤ በየቀኑ በሰዓቱ የሚነሣ ወርክፍሎው ይሠራዋል። የክራሹ ቁጥር ከተሰመረለት መስመር እስካላለፈ ድረስ ቨርዥኑ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይወጣል፤ በጸጥታ መቶ ከደረሰ ተፈትኖ አለፈ ይባላል። ከደረጃውም ከማሽኑም ጠብ የለኝም። የማልቀበለው ጸጥታው እንደ ፈተና ውጤት መቆጠሩን ነው። ዝምታ ችግር የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሚያይ ሰው የለም ማለትም ሊሆን ይችላል። ወርክፍሎው ሁለቱን አይለያቸውም።

የዚህ እምነት ጠበቆች ደጋግመው የሚጠቅሱት የናይት ካፒታልን ውድቀት ስለሆነ እኔም ከዚያው ልነሣ። ናይት ካፒታል በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ትልቅ ድርሻ የነበረው ድርጅት ነው። አዲሱ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው በአንደኛው ላይ ሳይጫን ቀረ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት በዚያ ሰርቨር ላይ ለዓመታት ተኝቶ የኖረ አሮጌ ኮድ ነቃ፤ በ45 ደቂቃ ውስጥም ድርጅቱን ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። «ሰው ይረሳል፣ ማሽን አይረሳም» የሚለው ትምህርት የተቀዳው ከዚህ ነው። ትምህርቱ እውነት ነው፤ እኔም ሰርቨር ላይ ኮድ በእጅ አልጭንም።

ነገር ግን የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ያወጣውን ውሳኔ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ያ ኮድ የገባው በደረጃ ነበር። ከጁላይ 27 ጀምሮ በተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ በጥቂት ሰርቨሮች ላይ ነው የተጫነው። በእነዚያ ቀናት ምንም አልተሰማም፤ ሊሰማም አይችልም ነበር፤ ኮዱ የተጻፈለት የኒውዮርክ ገበያ አዲስ አሠራር የሚጀመረው ኦገስት 1 ነበርና። ደረጃዎቹ ያለፉት ማንም ሳይረግጣቸው ነው። ይባስ ብሎ በዚያ ጠዋት ገበያው ከመከፈቱ በፊት የድርጅቱ ሲስተም ስሕተቱን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎችን በራሱ ለሠራተኞች ልኮ ነበር። ዘጠና ሰባት! እንደ ማስጠንቀቂያ የተሠሩ መልእክቶች ስላልነበሩ ማንም አልተነሣባቸውም። እንግዲህ ደረጃም ነበረ፣ በራሱ የሚናገር ማሽንም ነበረ። ያልነበረው ኮዱን በእርግጥ የሚያሠራ ተጠቃሚና የሚያዳምጥ ሰው ነው።

የእኛም መተግበሪያ ከዚህ አይርቅም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ያመጣው አሠራር በሰባት ቀን 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ 100 በመቶ እያለ በሰዓቱ ይወጣል፤ ገንቢው ካላቆመው በቀር ማንንም አይጠይቅም። በ2013 የመጣው የጉግል ፕሌይ አሠራር ግን ገንቢው ራሱ ቁጥሩን ካላነሣው ከቦታው አይነቃነቅም። እኛ ምን አደረግን? ፋስትሌንና ጊትሀብ አክሽንስ በሚባሉ የልቀት መሣሪያዎች ኮድ ጽፈን ጉግልን እንደ አፕል አስሮጥነው። ቁጥሩ ቆሞ መጠበቁ ሰው እንዲመለከት ዕድል የሚሰጥ ጸጋ ነበር፤ እኛ እንደ ጉድለት ቆጥረን አስተካከልነው።

ለመሆኑ አንድ በመቶው እነማን ናቸው? መደብሩ በዕጣ ይመርጣል ይባላል፤ ዕጣ መሆኑ እውነት ነው። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ግን አዲሱን ቨርዥን አይጭንም። ፕሌይ ስቶር በራሱ የሚያድሰው በተለመደው አሠራር ስልኩ ዋይፋይ ላይ ሲሆን፣ ቻርጅ ሲደረግና ባለቤቱ ሳይነካው ሲቀር ነው። የአፕልም ደረጃ የሚመለከተው አውቶማቲክ አፕዴት ያበሩትን ብቻ ነው። ይህን ወደ አዲስ አበባ አምጡት። ዋይፋይ ያለው ቤት የሚያድር፣ ሌሊቱን መብራት ሳይጠፋበት ስልኩን የሚሞላ፣ ሜሞሪው ያልሞላ ሰው ቀድሞ ያገኛል። በሞባይል ዳታ ጥቅል የሚኖረው፣ ፎቶ እየሰረዘ ቦታ የሚፈልገው፣ አፕዴቱን ዘግቶ የተቀመጠው መጨረሻ ይደርሰዋል። ኤፒኬውን በቴሌግራም ወይም በዜንደር ከጓደኛው የተቀበለው ደግሞ በመቶኛው ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

በሙያው ቋንቋ የመጀመሪያው ቡድን «ካናሪ» ይባላል። ስሙ የመጣው ከከሰል ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የፊዚዮሎጂ ሊቁ ጆን ስኮት ሃልዴን ባቀረበው ሐሳብ የብሪታንያ ማዕድን ቆፋሪዎች ካናሪ የተባለችውን ትንሽ ወፍ ይዘው ይወርዱ ጀመር፤ እስከ 1986ም ቀጠሉ። ወፏ የተመረጠችው ደካማ ስለሆነች ነው፤ መርዘኛው ጋዝ ሰውን ከመጣሉ በፊት እሷን ይጥላታል። የእኛ ካናሪ ግን የመንጋው ብርቱ ነው። አዲስ ስልክ፣ ጥሩ ኔትወርክ፣ ሰፊ ሜሞሪ ያለውን አስቀድመን ልከን እሱ ስላልወደቀ ጉድጓዱ ደኅና ነው እንላለን። ስሙን ተውሰን ጥበቡን እዚያው ትተነዋል።

ስሌቱም አይደግፈንም። ሃምሳ ሺህ ተጠቃሚ ያለው መተግበሪያ ይኑረን፤ አንድ በመቶው 500 ሰው ነው። ከሺህ ሰው አንዱን የሚመታ ስሕተት በ500 ሰው ውስጥ አንድም ጊዜ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 60 በመቶ ያህል ነው። ይህም አምስት መቶዎቹ ሁሉ በዚያ ቀን መተግበሪያውን ከፍተው ስሕተቱ ወዳለበት ገጽ ከገቡ ነው። በስድሳ በመቶ ዕድል ዝም የሚል ምስክር ቀርቦ «ምንም አላየሁም» ቢል የትኛው ዳኛ ነጻ ያወጣበታል? ብዙ መቶ ሚሊዮን ተጠቃሚ ላላቸው ድርጅቶች አንድ በመቶ ሚሊዮኖች ናቸው፤ ለእነሱ ቁጥሩ ይናገራል። እኛ የቀዳነው ደረጃቸውን ነው፤ ሕዝባቸውን አልቀዳንም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። ሰባት ቀን ብዙ ነገር አያይም። ደመወዝ የሚላክበትን የወር መጨረሻ ላያይ ይችላል። ጳጉሜን ደግሞ ከዓመት ዓመት ላያያት ይችላል። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ መተግበሪያ የወር ቁጥሩን ከ12 በላይ አልቀበል ብሎ ቢጻፍ፣ በጥቅምት ተለቆ በሰባት ቀን መቶ በመቶ ቢደርስ፣ ወርክፍሎው አረንጓዴ ምልክቱን ሰጥቶ ይተኛል። ስሕተቱ አሥር ወር ተኝቶ ይከርምና ለአምስት ቀን ይነሣል። ይህ የናይት ካፒታል ታሪክ ነው፤ ገበያው ብቻ ነው የተለየው።

«ወርክፍሎው ዝም ብሎ አይወጣም፣ የክራሽ መጠኑን ያያል» የሚል መልስ ይመጣልኛል። ያያል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት መስመር ግን የጉግል መለኪያ በሆነው በአንድሮይድ ቫይታልስ ላይ ያለው 1.09 በመቶ ነው። ያ ቁጥር ጉግል አንድን መተግበሪያ በመደብሩ ውስጥ ብዙም እንዳይታይ ሊያደርግ የሚችልበት ወሰን ነው፤ የባለ ሱቁን እንጂ የገዢውን ጥቅም አይለካም። ከዚያም በላይ ክራሽ ሐቀኛ ስሕተት ነው፤ ወድቆ ይታያል። ገንዘብ ላኪውን «እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» እያለ በትሕትና የሚመልስ መተግበሪያ አንድም ጊዜ ክራሽ ሳያደርግ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

እንዲያውም ልቀት ሳይኖር የሚመጣ ውድቀት አለ። በሜይ 2020፣ ከዚያም በጁላይ፣ ፌስቡክ በራሱ ሰርቨር ላይ ባደረገው ለውጥ የእሱን የኮድ ጥቅል በውስጣቸው የያዙ የአይፎን መተግበሪያዎች፣ ስፖቲፋይና ፒንተረስት ጭምር፣ ገና ሲከፈቱ ይወድቁ ነበር። ስፖቲፋይ እንዲወድቅ አዲስ ቨርዥን መልቀቅ አላስፈለገውም፤ ቀድሞ የተለቀቀውና ያለፈው ቨርዥን ነው የወደቀው። የደረጃው አጥር ሌባው በማይገባበት በኩል ተሠርቶ ነበር።

ማቆም ይቻላል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በጉግል ፕሌይ በደረጃ ላይ ያለ ልቀት ሲቆም አዲስ ሰው አይቀበለውም፤ የተቀበለው ግን ከስልኩ አይነሣለትም። መድኃኒቱ ከፍ ያለ ቁጥር የያዘ ሌላ ቨርዥን ነው፤ እሱም ግምገማውንና የተጠቃሚውን ዳታ ይጠብቃል። ስለዚህ አደገኛው ለውጥ ከሰርቨር በሚዘጋ ማብሪያና ማጥፊያ ሥር ቢቀመጥ ከሰባቱ ደረጃዎች ሁሉ ይሻላል። ይህን ብዙዎች ያውቁታል፤ አልዘረዝረውም።

ማሽኑ ምን ይሥራ? ፍሬኑን ይያዝ። ለማቆም ማንንም አይጠይቅ፤ ሌሊትም ይሁን በዓል፣ ጥርጣሬ ሲገባው ያቁም። ለመውጣት ግን ሰዓት መቁጠሩን ይተውና ምስክር ይቁጠር፦ ስንት የገንዘብ ዝውውር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፈጸመ? ከእነሱ ስንቱ በአሮጌ አንድሮይድ፣ ስንቱ በአማርኛ ገጽ፣ ስንቱ በደካማ ኔትወርክ ላይ? የተቀመጠው ቁጥር ካልሞላ ሰባት ቀንም ቢያልፍ እዚያው ይቁም፤ አፕል እንኳ በጠቅላላው እስከ 30 ቀን ማስቆም ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አይቶ በስሙ ይፈርም። «ይህ ያዘገየናል» ለሚለኝ፣ አዎ፣ ያዘገያል፤ ትንሽ መተግበሪያ ያላቸውን ደግሞ አብዝቶ ያዘገያል፤ ማስረጃቸው በዝግታ ስለሚጠራቀም ነው።

አንዳንዱ ማስረጃ ግን በመጠበቅ አይገኝም፤ ቀኑን ራሱን ቀድሞ ማምጣት ያስፈልጋል። ለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ሜሞሪው የሞላ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አስቀምጫለሁ። ማንኛውም ቨርዥን ወደ አንድ በመቶው ከመሄዱ በፊት እሱ ላይ ይጫናል፤ የስልኩም ቀን ሁልጊዜ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።