«ነውር» በማን ሚዛን? የሱዳን ሕግ እና የሳጃና ቤቶች

ካርቱም ውስጥ ሳጃና ወይም ዴም የኖረ ሐበሻ «ከሻ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የፖሊስ አፈሳ ማለት ነው። ከሻ ሲመጣ ምግብ ቤት ከፍታ የምትሠራ፣ ቡና የምታፈላ ወይም ክፍል ተከራይታ መልሳ የምታከራይ እህታችን ቀድማ የምትፈራው ለራሷ ብቻ አልነበረም፤ ቤቷ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ነበር። ለምን?

ነገሩ የሚመነጨው እ.ኤ.አ. ከ1991ዱ የሱዳን ወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 152 በአደባባይ «ነውረኛ» ድርጊት የፈጸመ ወይም እንዲህ ያለ ልብስ የለበሰ ሰው እስከ 40 ጅራፍ፣ መቀጮ ወይም ሁለቱንም እንዲቀጣ ይል ነበር። ነውር ምንድን ነው? ሕጉ መለኪያ አላስቀመጠም። በአድራጊው ሃይማኖት ወይም በአገሩ ልማድ ነውር ከሆነ ነውር ነው ብሎ አለፈው። «ወይም» የምትለዋን ልብ በሉ። ክርስቲያኗ «በእኔ ሃይማኖት ሱሪ ነውር አይደለም» ብትል እንኳ በአገሩ ልማድ ልትቀጣ ትችላለች። እርቃን መሆን ሳያስፈልግ ሱሪ ብቻ ይበቃ ነበር። ጋዜጠኛዋ ሉብና አል-ሑሴን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 ካርቱም ምግብ ቤት ውስጥ የተያዘችው በሱሪ ነው። ፍርድ ቤት 500 የሱዳን ጊኒ ቀጣት።

ባለ ቤቱን የሚይዘው ደግሞ አንቀጽ 155 ነው። የሴተኛ አዳሪነት ቦታ የሚያስተዳድር፣ ወይም ለዚህ እንደሚውል እያወቀ ቤቱን ያከራየ ወይም የፈቀደ ሰው በጅራፍና እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ብዙ አያስፈራም። ችግሩ አንቀጽ 154 ላይ ነው፤ ጋብቻ ወይም ዝምድና የሌላቸው ወንድና ሴት የሚገናኙበትን፣ ግንኙነት ሊፈጸም ይችላል ተብሎ የሚገመትበትን ቦታም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ግምት ወንጀል ሲሆን ባለ ቤቷ በገዛ በሯ ላይ ፖሊስ ሆነች ማለት ነው። «አንቺ ነጠላሽን ልበሺ፣ አንተ ውጣ» የምትለው ክፋት ይዟት አልነበረም።

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. ወንጀል ሕግም በአደባባይ የሚፈጸም አሳፋሪ ድርጊትን በአንቀጽ 639 ይቀጣል፤ በአንቀጽ 634 ደግሞ ከሴተኛ አዳሪነት ጥቅም የሚያገኘውን ይይዛል። አብሮ ቡና መጠጣትን ግን ወንጀል አያደርግም።

የሱዳን የሽግግር መንግሥት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የካርቱምን የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ሻረ፤ በሐምሌ 2020 ደግሞ የወንጀል ሕጉን አሻሻለ። ጅራፍም ከብዙ ወንጀሎች ላይ ተነሣ። ወረቀት ላይ የተነሣ ነገር ግን መንገድ ላይ ወዲያው አይቀርም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህማ በየኬላው የሚወስነው መሣሪያ የያዘው ነው።

ስለዚህ ዛሬም በሱዳን ያላችሁ፣ ነገም ልትመለሱ የምታስቡ፦ ከተያዛችሁ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ያዙ። ቤት ስትከራዩም ሆነ ስታከራዩ ማን እንደሚኖርበትና ለምን ሥራ እንደሚውል በጽሑፍ ይኑራችሁ፤ የባለ ቤት ጥፋት የሚቆመው «እያወቀ» በሚለው ቃል ላይ ነውና። የታሰረ ሰው ካለ ለዩኤንኤችሲአር ወይም ለስደተኞች ኮሚሽን ቶሎ አስታውቁ።