የሰሚቱ ደጋፊ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሰሚት በኩል፣ ትውልዳቸው መቀሌ የሆነ አንድ ጎረቤት አሉን። ጧት ጧት አውቶቡስ ስንጠብቅ ከእግዜር ሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ወሬ የመቀሌ 70 እንደርታ ጉዳይ ነው። ቡድኑ በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሣ ጊዜ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተው ጠላ አጠጥተው ነበር። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ጦርነት መጣና የትግራይ ቡድኖች ለአራት የውድድር ዘመን ከሊጉ ጠፉ።

በዚያ ዘመን ጎረቤታችን ስለ ኳስ አንድ ቃል ሲተነፍሱ አልተሰማም። ስልክ ተቋርጦ የእናታቸውን ደኅንነት ማወቅ ለቸገረው ሰው ኳስ እንዴት ይታሰበዋል?

ቡድኑ በ2017 ተመለሰ። ነገር ግን ግጥሚያው እንደ ድሬዳዋና አዳማ ባሉ ከተሞች ስለ ተደረገ በገዛ ሜዳው ሲጫወት አላዩትም፤ ዋንጫውንም የኢትዮጵያ መድን ወሰደው። ጎረቤታችን እንግዲህ መነጫነጭ ጀመሩ፤ ተከላካዩ ሰነፍ ነው፣ አሠልጣኙ ተጫዋች የሚለውጠው ከረፈደ በኋላ ነው እያሉ። ባለቤታቸውን «እንዴት ቻሉት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ተዋቸው ይነጫነጩ፤ እኔ የፈራሁት ዝምታቸውን ነበር» አሉኝ።

ልጃቸው አዲስ አበባ ተወልዶ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ሆኗል። አባት ይህን እንደ ክዳት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን፣ ቅር አይበላቸውና፣ ለልጁ እፈርዳለሁ። መቀሌ በሚጫወትበት ቀን ውጤቱን በስልኩ ቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው፤ ቡድኑ ከተሸነፈም አባቱ እራታቸውን በልተው እስኪጨርሱ አይነግራቸውም።