ዋጋውን ቀድሞ የሚሰማ ማን ነው?

ወርቅ በዚህ ዋጋ ግዙ፣ እዚህ ሲደርስ ሽጡ፣ እዚህ ከወረደ ኪሳራችሁን ይዛችሁ ውጡ። በፎሬክስ (በውጭ ምንዛሬ) ገበያ «ሲግናል» የሚባለው መልእክት ከዚህ ብዙም አይረዝምም። የሚላከው በዝግ የቴሌግራም ቡድን ነው፤ ለሁሉ የተከፈተው ቻናል መሳቢያ ሲሆን «ቪአይፒ» የተባለው ክፍል ወርሃዊ ክፍያ ወይም በሲግናል ሰጪው ሊንክ የተከፈተ ሂሳብ ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ሥራ ያጣውም ደመወዙ ወር የማያደርሰውም ወጣት እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ገብቶ ስልኩን ይጠባበቃል። በዚያው በደብረ ብርሃን ማንም ሲግናል ብሎ የማይጠራው ሌላ መልእክት ደግሞ በገበያ ቀን ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ በአዲስ አበባዎቹ የሾላና የካራሎ ገበያዎች ሙክት ስንት ዋለ፣ ስንት መኪና በግ ገባ፣ ገዢው ምን ያህል ነው የሚል። እሱም በነጋዴዎችና በደላሎች ክበብ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል እላለሁ። በጓዳ የሚነገር የዋጋ ወሬ ጥቅም የሚሰጠው ሰሚው ከሌላው ሲቀድምና በግብይቱ ማዶ ያልሰማ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በወርቁ ገበያ ያልሰማው ወገን የደብረ ብርሃኑ ወጣት ራሱ ነው። በበጉ ገበያ ያልሰማው በጉን ወደ ደብረ ብርሃን የሚያወርደው የመንዝ ገበሬ ነው። ልንከፍተው የሚገባንም የምንችለውም ይህን ሁለተኛውን ነው።

ከወርቁና ከዶላሩ እንጀምር። የማዕከላዊ ባንኮች ባንክ የሚባለው የባዝሉ የዓለም አቀፍ ክፍያዎች ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ባደረገው ቆጠራ፣ በዓለም የውጭ ምንዛሬ ገበያ በቀን በአማካይ 7.5 ትሪሊዮን ዶላር ይገበያይ ነበር። በዚህ ገበያ ውስጥ ታላላቅ ባንኮች ከሰው ዓይን በሚፈጥኑ ማሽኖች ዜናውን አንብበው ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። አንድ ሰው ሰንጠረዡን አይቶ፣ አስቦ፣ ጽፎ፣ ወደ ቡድኑ ልኮ፣ አባሉ ስልኩን ከፍቶ እስኪያዝ ድረስ ዋጋው ሌላ ቦታ ይደርሳል። አባሉ ቀደምኩ ብሎ የሚያስበው ቡድኑ ውስጥ ካልገባው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ግን የግብይቱ ማዶ ወገን አይደለም። ታዲያ ሲግናል ሰጪው ከምን ያተርፋል? ከወርሃዊው ክፍያ፣ ከዚያም በላይ በሊንኩ የገቡ ሰዎች በገዙና በሸጡ ቁጥር ግብይቱን የሚያስፈጽመው ድርጅት (ብሮከሩ) ከሚያካፍለው ኮሚሽን። ኮሚሽኑ አባሉ ቢያተርፍም ቢከስርም ይከፈላል። ስለዚህ ሰጪውን የሚጠቅመው የሲግናሉ ትክክለኛነት ሳይሆን ብዛቱ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ «ዛሬ አትግቡ» የሚል ሰጪ ገቢውን በገዛ እጁ ይቀንሳል። ገበያቸው በጣም ጠባብ በሆኑ ዲጂታል ሳንቲሞች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ የቡድኑ ግዢ ራሱ ዋጋውን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ቀድሞ ገዝቶ የጠበቀው ሰጪ ለራሱ ተከታዮች ሸጦ ይወጣል።

ይህ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በብድር ካለው ገንዘብ በላይ መገበያየት በሚፈቅዱ እንዲህ ባሉ የዋጋ ልዩነት ውሎች ላይ ገደብ ሲጥል፣ ከተራ ሰዎች ሂሳቦች ውስጥ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ገንዘብ እንደሚያጡ የየአገሩ ጥናቶች እንዳሳዩ ገልጿል። በብራዚል ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአክሲዮን ኢንዴክስ ውል በየቀኑ መገበያየት የጀመሩ ሰዎችን ሁሉ ተከታትለው፣ ከ300 ቀናት በላይ ከጸኑት 97 በመቶው ከስረው አገኟቸው። እነዚያ ሰዎች ሕጋዊ ገበያና ቅሬታ ሰሚ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። የእኛ ወጣት ይህ እንኳ የለውም። «የእኛ ሰውዬ ግን ውጤቱ ይታያል» የሚል መልስ ይሰጣል፤ የትርፍ ፎቶዎችም ይለጠፋሉ። ችግሩ ቡድኑ ዝግ መሆኑ ነው። የከሰረው ሲግናል ማታ ላይ ሊሰረዝ ይችላል። ለአንዱ ቡድን «ግዙ»፣ ለሌላው «ሽጡ» ብሎ የላከ ሰው ካንዱ ዘንድ ሁልጊዜ ነቢይ ነው። ዝግነቱ አባሉን ከተፎካካሪ የሚጠብቅ ይመስላል፤ በተግባር የሚጠብቀው ሰጪውን ከመመርመር ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የኢንቨስትመንት ምክር መስጠትን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ያደረገውም፣ በውስጥ መረጃ መገበያየትን የከለከለውም ለዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ሲጀምር ይህ ሕግ አብሮት ነበር። የፎሬክስ ቡድኖቹ ግን ከዚህ ሕግ ጥላ ውጭ ይኖራሉ።

የሚቀርበው መቃወሚያ ቀላል አይደለም። ወጣቱ ሌላ ምን አለው? ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ እንግሊዝኛ ያነባል፣ የወለድ ተመን ምን እንደሆነ ይማራል፣ የዓለምን ዜና ይከታተላል፤ ይህን ቁማር ብሎ ማጣጣል የሰነፍ ሽማግሌ ንግግር ይሆናል። እውነት ነው፣ ትጋቱ አለ፣ ዕውቀቱም አለ። እኔን የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። ዋጋን በየደቂቃው መከታተል፣ መመዝገብ፣ ለብዙ ሰው በአንዴ ማድረስ የሚችል ትውልድ፣ ችሎታውን የመጨረሻው ተሰላፊ በሆነበት ገበያ ላይ ያፈሰዋል። ከቤቱ በር ላይ ያለውን፣ እሱ በእርግጥ ሊቀድምበት የሚችለውን ገበያ ግን ማንም አይመዘግበውም።

ሰሜን ሸዋ የዋጋ ወሬ ለዘመናት እንጀራ የሆነበት አገር ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ በነገሡበት ዘመን ከተራራው ሥር ያለው አልዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣ ሲራራ የሚያርፍበት ገበያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የሜጀር ሃሪስ የእንግሊዝ ልዑክም በዚያው በኩል ነው የወጣው። ጨውና ጨርቅ ከባሕር ዳርቻ ቆላውን አቋርጦ በግመል በሚመጣበት ገበያ፣ ቀጣዩ ሲራራ የት እንደደረሰ ማወቅ ዕቃውን የመያዝ ያህል ሀብት ነው። ዛሬ ግመሉ በአይሱዙ ተተክቷል፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የወሬው ነገር ግን አልተለወጠም። የመንዝ ገበሬ በጉን መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ብርሃን አውርዶ ሲያቆም፣ ከፊቱ የቆመው ገዢ የሾላን ዋጋ ያውቃል፤ እሱ አያውቅም። ገበሬው የሚሸጠው ማዳበሪያ ሊገዛ ወይም የልጅ ወጪ ሊሸፍን ነው፤ ሳይሸጥ ቢመሽበት በጉን እየነዳ ዳገቱን መመለስ አለበት። ገዢው ይህንንም ያውቃል። ሁዳዴ ጾም 55 ቀን ገበያውን አቀዝቅዞ የፋሲካ ሳምንት ሲያሞቀው የአዲስ አበባ ዋጋ በአንድ ቀን ይዘላል፤ ዝላዩን በመጀመሪያ የሚሰማው ደዋይ ያለው ሰው ነው። ከቴሌግራሙ ሲግናል በተለየ ይህ እውነተኛ ነው። ጥቂት ሰዎች በእርግጥ ይቀድማሉ፣ በእርግጥም ያተርፋሉ፣ ልዩነቱ የሚወጣው ግን ከአንድ ከሚታወቅ ሰው ኪስ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው የሚያነሳው ክርክር ሊደመጥ ይገባዋል። ወሬውን ያገኘሁት በራሴ የስልክ ሂሳብ፣ ለዓመታት በገነባሁት ወዳጅነት ነው፤ በግ መንገድ ላይ ቢሞት ኪሳራው የኔ ነው፤ ታዲያ ለምን በነፃ አካፍላለሁ ይላል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት የእህል ነጋዴዎችንና የአዲስ አበባ እህል በረንዳ ደላሎችን ባጠኑበት ሥራ ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ በማይተማመን ገበያ ውስጥ ደላላው ገዢና ሻጭን የሚያገናኝ ጠቃሚ ሰው እንጂ ጥገኛ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ስልኩን ይክፈት፣ ደላላ ይታገድ አልልም፤ ቢሞከርም ወሬው ይበልጥ ጓዳ ይገባል እንጂ አይወጣም። የምለው ከጎኑ ለሁሉ የሚሰማ ዋጋ ይቁም ነው። ይህ ሲሆን ምን እንደሚከተል ሌሎች አገሮች ላይ ታይቷል። በሕንድ ኬረላ የባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሞባይል ሲገባ ዓሣ አጥማጆች ገና ባሕር ላይ ሳሉ የየወደቡን ዋጋ መጠየቅ ቻሉ። ሮበርት ጀንሰን እንዳጠናው የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ከፍ ሲል፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ገዢ አጥቶ የሚደፋ ዓሣም ቀረ። በኒጀር ጄኒ ኤከር የእህል ገበያዎችን ስትመረምር ሞባይል በገበያዎች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ቢያንስ በ10 በመቶ እንዳጠበበ አገኘች። በሁለቱም አገር ነጋዴው ከገበያው አልጠፋም። ከድካሙና ከኪሳራ ስጋቱ የሚያገኘው አልተነካበትም፤ የቀነሰበት ከሌላው አለማወቅ ያገኘው የነበረው ነው።

«ገበሬው እኮ ስልክ አለው» የሚለው መልስ ግን የሚያጠግብ አይደለም። ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ በኢትዮጵያ ገጠር ባደረጉት ጥናት ስልክ ለገበሬው ዋጋ ያመጣው ለውጥ ደካማ ሆኖ አግኝተውታል፤ የሰጡት ምክንያትም በስልኩ ሊገኝ የሚችል፣ ለገበሬው የሚጠቅም መረጃ አለመኖሩ ነው። የሚደወልበት መስመር ቢኖር ኖሮ ይደውል ነበር። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህን ለማድረግ ሞክሯል። በተለያዩ ከተሞች የዋጋ ሰሌዳ አቆመ፣ በ929 ደውሎ በድምፅ ዋጋ መስማት ተቻለ። የቡናና የሰሊጥ አምራች ተጠቀመበት። ከእኛ ዞን ቆላማ ወረዳዎች ምርት ማሾ እዚያ ገብቷል፤ የቀወት ገበሬ ማዕከላዊ ዋጋ የሚባል ነገር አለው። የደጋው በግ ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ የለም፤ የገብሱም ዋጋ ለቢራ ፋብሪካ በውል ከሚያመርተው በስተቀር ለአብዛኛው ገበሬ በገበያው መሐል የሚሰማ ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ በግ እንደ ቡና ደረጃ ወጥቶለት በመጋዘን የሚቀመጥ ሸቀጥ አይደለም፤ በዓይን ይገመታል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ሆኖም ዕለታዊ ዋጋ ለመናገር የምርት ገበያ መጋዘን አያስፈልግም። ሙክት፣ መካከለኛ ወጠጤ፣ ሴት በግ ብሎ ለየብቻ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ስንት ዋለ ማለት ይበቃል።

ማን ይመዘግበዋል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ከተማው በቁም እንስሳት ገበያ ላይ የኮቴ ክፍያ ሲሰበስብ ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሟል፤ ደረሰኝ ሲቆርጥ የተሸጠበትን ዋጋ አብሮ ቢጽፍ ለዋጋ መዝገብ መነሻ ይሆናል። ሻጩና ገዢው ግብር በመፍራት ዝቅ አድርገው ሊናገሩ ይችላሉ፤ ለዚህ ነው ወጣቶቹ የሚያስፈልጉት። ሁለት ሦስት ወጣቶች ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሰው መሐል ሜዳ፣ አንድ ሾላ፣ አንድ ካራሎ ቆመው የሰሙትን በሰዓቱ ቢልኩ የተዋሸው ከእውነቱ ጋር ሲነጻጸር ይለያል። ይህን ሥራ ዛሬ በወርቅ ሲግናል ላይ ያሉት ልጆች ያለ ሥልጠና ይሠሩታል፤ ክፍያቸው ከኮቴው ገቢ ጥቂቱ ቢሆን የገበያው ባለቤት ለገበያተኛው የሚመልሰው አገልግሎት ነው። የሚተላለፈውም በቴሌግራም ብቻ መሆን የለበትም። በክልላችን በአማራ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም፤ የመንዝ ገበሬ አብዛኛው ደግሞ የሚይዘው ተራ ስልክ ነው። በአጭር ቁጥር ተደውሎ በአማርኛ የሚሰማ ድምፅ፣ ጠዋት ገበሬው በጉን ከቤት ሳያስወጣ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ፣ ከገበያ መፍቻ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ የሚታደስ ዋጋ። ከሁሉ በላይ የጠዋቱ ያስፈልጋል፤ ያኔ ገበሬው ዛሬ ልውረድ ወይስ ለሚቀጥለው ገበያ ልቆይ ብሎ ገና መወሰን ይችላል።